ቀኝ ያውልህ

ጠዋት ጠዋት ደብተሬን ይዤ ከቤት ስወጣ አያቴ ከደጃፉ ቆመው የሚመርቁኝ ምርቃት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም «ቀኝ ያውልህ፥ ልጄ» የሚል ነው። እኔም «አሜን» ብዬ እወጣለሁ። ይህን ምርቃት ከሕፃንነቴ ጀምሮ እየሰማሁት ስላደግሁ ምን ማለት እንደ ሆነ ለረጅም ጊዜ አስቤበት አላውቅም ነበር። ሰው በየቀኑ የሚሰማውን ነገር ጆሮው እንጂ ልቡ አይሰማውምና። አሁን ግን በዚህ መጽሔት ላይ ጥቂት ቃል እንድጽፍ ዕድል ባገኘሁ ጊዜ፥ ሌላ ርእስ ሳልፈልግ ስለዚሁ ስለ ቀኝና ስለ ግራ፥ ይልቁንም ሰው በመንገድ ሲሄድ የትኛውን ጐን መያዝ እንደሚገባው ለመጻፍ ወሰንሁ። ነገሩ ለአንዳንድ አንባቢ ትንሽ መስሎ ይታየው ይሆናል። ለእኔ ትንሽ ያልሆነበትን ምክንያት ግን ወደ ኋላ እገልጻለሁ።

በቋንቋችን ቀኝ የክብርና የመልካም ዕድል ወገን ነው። በቀድሞው ዘመን የጦር ሹመት ቀኛዝማች ከግራዝማች ይበልጥ ነበር። በቤተ ክህነትም ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ የሚባሉ ማዕርጎች አሉ። ነገሩ የጠፋበት ሰው «ግራ ገባኝ» ይላል። ያለ ምክንያት ሲቆጣ የሚውለውን ሰው ደግሞ «ዛሬ በግራ ጐኑ ተነሥቷል» ይሉታል። ይሁን እንጂ ዳኛ ፍርድ ከመስጠቱ አስቀድሞ ግራ ቀኙን እንዲሰማ፥ ልጅም መንገድ ከመሻገሩ አስቀድሞ ግራ ቀኙን እንዲያይ ይነገረዋል። ስለዚህ ቋንቋችን ቀኝን ቢያከብርም ግራን ጨርሶ አልጣለም።

ደግሞም ሕዝባችን በየስፍራው ጐኑን ለይቶ የሚያውቅ ሕዝብ ነው። በቤተ ክርስቲያን ወንዶች በሰሜን በኩል፥ ሴቶች በደቡብ በኩል ይቆማሉ። ወደ መስጊድ የሚገባ ሙስሊም ሲገባ ቀኝ እግሩን፥ ሲወጣ ግራ እግሩን ያስቀድማል። በዚህ ሁሉ ላይ ዘበኛ ቆሞ የሚያዝዝ፥ መቀጫም የሚያስከፍል የለም። ልጅ እናቱን ተከትሎ ገብቶ፥ እናቱ ከቆመችበት ቆሞ ይማረዋል እንጂ። ታዲያ በቤተ ጸሎት ይህን ያህል ሥርዓት የምናውቅ ሰዎች ወደ አስፋልቱ በወጣን ጊዜ ለምን እንተረማመሳለን? ይህ ጥያቄ በአእምሮዬ የገባው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው።

በዚያ ዓመት የትምህርት ቤታችን የትራፊክ ክበብ አባል ሆንሁ። አንድ ቀን አንድ የትራፊክ ፖሊስ ወደ ክበባችን መጥተው በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሁለት መሥመር አሰመሩና እንዲህ ሲሉ አስረዱን። በአገራችን ተሽከርካሪ ሁሉ የመንገዱን ቀኝ ይዞ ይነዳል። የእግረኛ መንገድ በተሠራበት ስፍራ እግረኛ በዚያው ላይ ይሄዳል። የእግረኛ መንገድ በሌለበት ግን የአስፋልቱን ግራ ጠርዝ ይዞ መሄድ ይገባዋል። ምክንያቱም ቀኙን ለያዘ እግረኛ መኪናው የሚመጣበት ከጀርባው ነው፤ ሰው ደግሞ በጀርባው ዓይን የለውም። ግራውን የያዘ ግን በእርሱ በኩል የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት ያየዋል። ሹፌሩ ቢዘናጋ እንኳ እርሱ ፈቀቅ ብሎ ነፍሱን ያድናል።

ይህን በተማርሁበት ቀን ታላቅ እውቀት ያገኘሁ መሰለኝ። ጥቂት ቆይቶም አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሼ፥ «ቁም» የሚል ምልክት በእጄ ይዤ፥ ጠዋት ጠዋት ታናናሾቹን ልጆች የማሻግር ተማሪ ትራፊክ ሆንሁ። ትልልቅ የጭነት መኪናዎች እጄን አይተው ሲቆሙ ደረቴ ይነፋ ነበር። ሰው ሥልጣን ሲያገኝ አስቀድሞ የሚያዝዘው ቤተሰቡን ነውና፥ እኔም አያቴን ማስተማር ጀመርሁ።

«እማማ፥ በአስፋልቱ ዳር ሲሄዱ ግራዎን ይያዙ» አልኋቸው።

«ምነው ልጄ! ዕድሜዬን ሙሉ ቀኝ አውለኝ ስል ኖሬ፥ አሁን በስተርጅና ግራ ልያዝ?» አሉኝ።

«ሕጉ ነው እኮ፥ እማማ።»

«ሕጉን ለአንተ ያድርገው። እኔን አባቴ ቀኝሽን ያዢ ብሎኛል።»

እኔም በሆዴ ሳቅሁ። በማግሥቱ ነገሩን ለጓደኞቼ እያጫወትሁ እነርሱንም አሳቅኋቸው። አያቴ ምርቃትንና የመንገድን ሥርዓት አንድ አድርገው ያሰቡ፥ ትምህርት ስላላገኙ ብቻ በግራ መሄድን እንደ ክፉ ገድ የቈጠሩ መስሎኝ ነበር። ለምን ቀኝ እንደ ያዙ፥ አባታቸውስ ለምን እንዲህ እንዳሏቸው አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋቸውም። ማስተማር እንጂ መጠየቅ የሚገባኝ መሆኑ ትዝ አላለኝም።

እንግዲህ ወደ ተባለው ቀን ልመለስ። የምንኖረው በደብረ ብርሃን ነው። ከተማችን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ ስለ ሆነች ሌሊትም ቀንም የጭነት መኪና አይለያትም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት አያቴ ከከተማው ዳር ለቅሶ ለመድረስ ሲነሡ እኔ እንዳደርሳቸው ታዘዝሁ። በዚያ ቀን የተማሪ ትራፊኮች ስብሰባ ስለ ነበረን ሰደርያዬን እንደ ለበስሁ ነበርሁ። ከከተማው መካከል እስክንወጣ ድረስ የእግረኛ መንገድ ስላለ አብረን ሄድን። የእግረኛው መንገድ ካለቀበት ስፍራ ስንደርስ ግን አያቴ እንደ ልማዳቸው ቀኙን ይዘው ቀጠሉ።

በዚያን ጊዜ ከፊታችን፥ ከመንገዱ ማዶ፥ ሦስት የክበባችን ልጆች ግራቸውን ይዘው ሲሄዱ አየሁ። ሰደርያ ለብሼ በተሳሳተው ጐን ስሄድ እንዳያዩኝ አፈርሁ። «እማማ፥ እንሻገር» አልኋቸው፤ እንቢ አሉኝ። ሁለተኛ ሳልለምናቸው ብቻዬን ተሻግሬ ግራዬን ያዝሁ። በልቤም «ይህን አይተው ይማሩ» አልሁ። አያቴ በዚያ ማዶ፥ እኔ በዚህ ማዶ፥ ሁለታችንም ወደ አንድ ስፍራ እየሄድን የማንተዋወቅ መንገደኞች መሰልን።

ጥቂት እንደ ሄድን ጭድ የጫነ መኪና በአያቴ በስተ ኋላ መጣ። ጭዱ ከመኪናው አካል ወደ ጐን ተርፎ ወጥቶ ነበር። እኔ ከፊት ለፊቴ የሚመጣውን ብቻ እያየሁ ስለ ነበር ድምፁን ሰምቼ ዘወር ያልሁት መጨረሻ ላይ ነው። «እማማ!» ብዬ ጮኽሁ። እርሳቸውም ስማቸውን የጠራሁት ለሌላ ነገር መስሏቸው ከኋላቸው ያለውን ትተው ወደ እኔ ዘወር አሉ። ጭዱ ትከሻቸውን መትቶ ወደ ቦዩ ጣላቸው።

ሹፌሩ ሸሽቶ አልሄደም፤ መኪናውን አቁሞ እየተንቀጠቀጠ ወረደና አብሮኝ አነሣቸው፤ ወደ ሐኪም ቤትም አደረሰን። እግዚአብሔር ይመስገን ነፍሳቸው ተረፈ። የቀኝ ክንዳቸው ግን ተሰብሮ ጀሶ ታሰረበት። የክበባችን ልጆች ሮጠው መጥተው ሲረዱን ሰደርያዬን አውልቄ በብብቴ ሸሸግሁት። በዚያች ሰዓት በአካባቢው ከነበርነው ሁሉ ሕጉን ያወቅሁና የጠበቅሁ እኔ ነበርሁ። ከሁሉም ይልቅ ያጠፋሁ እኔ መሆኔን ግን ማንም ሳይነግረኝ ዐወቅሁት።

በማታው ከአልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ሳለቅስ አያቴ «ተው እንጂ፥ አታልቅስ» ብለው አጽናኑኝ። ቀጥለውም ያልተቈጡበትን፥ ነገር ግን ከቁጣ ይልቅ የከበደኝን አንድ ቃል ተናገሩ። «ግራ መያዝህ ለአንተ አየልህ። ለእኔስ ማን ይይልኝ?» አሉ። ለዚህ ቃል መልስ አልነበረኝም።

ከዚያም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቅኋቸው። «እማማ፥ አባትዎ ቀኝሽን ያዢ ያሉዎት ስለ ምን ነበር?»

አያቴም እንዲህ ሲሉ ነገሩኝ። አባታቸው እህል በአህያ ጭነው ከገጠር ወደ ደብረ ብርሃን ያመላልሱ ነበር። እርሳቸውም ሕፃን ሳሉ ከአህዮቹ ኋላ ይከተሉ ነበር። ከትልቁ መንገድ ሲደርሱ አባታቸው ቆም ብለው «ቀኝሽን ያዢ፤ መኪናው ፊቱን እያሳየሽ ይመጣል። ጀርባሽን ለመኪና እንዳትሰጪ» ይሏቸው ነበር።

«ፊቱን እያሳየሽ ያለኝ ግን ለምን እንደ ሆነ እንጃ» አሉ አያቴ። «መኪናው ፊቱን ማሳየት ከተወ ብዙ ዘመኑ ነው።»

ይህ ነገር ሌሊቱን ሁሉ እንቅልፍ ነሣኝ። ቀኝ የያዘ እግረኛ የመኪናውን ፊት እንደማያይ ከሰሌዳው ላይ ተምሬአለሁ። አባታቸው ተሳስተው ይሆን? ሰኞ ዕለት የታሪክ አስተማሪያችንን ጠየቅሁ። እርሳቸውም ፈገግ ብለው አንድ የማላውቀውን ነገር ነገሩኝ። በኢትዮጵያ እስከ 1956 ዓ. ም. ድረስ መኪና ይነዳ የነበረው በግራ ነበር፤ ወደ ቀኝ የተዛወረው በዚያ ዓመት፥ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ነው።

ውድ አንባቢ ሆይ፥ ይህን ስሰማ የተሰማኝን ነገር መግለጽ ያስቸግረኛል። መኪና ግራውን ይዞ በሚነዳበት ዘመን ቀኙን ይዞ የሚሄድ እግረኛ መኪናውን ፊት ለፊት ያያል! የአያቴ አባት የነገሯቸው ቃልና የትራፊክ ፖሊሱ በሰሌዳው ላይ ያስረዱን ትምህርት አንድና ያው ነበር። ፊደል ያልቈጠሩት ባላገር ከአህዮቻቸው ኋላ ሆነው ያስተማሩት፥ ሰደርያ ለብሼ እኔ ካስተማርሁት በምንም አያንስም። እንዲያውም ይበልጣል፤ እርሳቸው ጐኑን ከነምክንያቱ ተናግረዋልና። አያቴ በዚያን ዓመት የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ቢሆኑ ነው። መኪናዎቹ ወደ ቀኝ ሲዛወሩ ሹፌሮች ሁሉ ጐን ለወጡ። አያቴ ግን የአባታቸውን ትእዛዝ አክብረው በነበሩበት ቀሩ። ምክንያቱ ከሥሩ ሲነቀል ትእዛዙ ብቻውን ቆሞ ቀረ፤ በላዩም «ቀኝ አውለኝ» የሚለው ምርቃት ተጨመረበትና ከሕግም የጸና ሆነ።

ከዚህ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርሁ። በስዊድን አገርም ከእኛ ሦስት ዓመት በኋላ፥ በነሐሴ ወር 1959 ዓ. ም. ማብቂያ ላይ፥ በአንድ ሌሊት የአገሩ መኪና ሁሉ ከግራ ወደ ቀኝ ተዛውሯል። ንጋት ሳይሆን መኪናዎቹ ጥቂት ደቂቃ ቆመው፥ ቀስ ብለው ወደ ሌላው ጐን ተሻግረው፥ ጉዞአቸውን ቀጠሉ። በጃፓን እስከ ዛሬ ድረስ መኪና በግራ ይነዳል፤ የእግረኛ መንገድ በሌለበት እግረኛው ቀኙን ይይዛል። ይኸውም የአያቴ አባት ሕግ ማለት ነው። በዚያው አገር በሚንቀሳቀሰው ደረጃ ላይ ቆመው የሚወጡ ሰዎች በቶክዮ ከተማ ግራውን፥ በኦሳካ ከተማ ግን ቀኙን ይይዛሉ። እሩቅ መሄድም አያስፈልግም። በሞያሌ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ኬንያ የሚገባ ሹፌር ከቀኝ ወደ ግራ መዛወር አለበት፤ በኬንያ መኪና በግራ ይነዳልና። እግረኛውም እንደዚሁ ጐኑን ካልለወጠ፥ በዚህ ማዶ ነፍሱን የጠበቀለት ልማድ በዚያ ማዶ ጠላት ይሆንበታል።

ከዚህ የተረዳሁት ነገር ቢኖር፥ ቀኝም ግራም በራሱ ቅዱስ ወይም ርኩስ አለመሆኑን ነው። ሰዎች ተስማምተው አንዱን ይመርጣሉ፤ ከተስማሙ በኋላ ስምምነቱን ማክበር ግዴታ ይሆናል። ምክንያቱ ግን ከሁለቱም ጐን በላይ ነው። ይኸውም ሊጐዳህ የሚችለውን እንድታየው፥ አንተም ልትጐዳው የምትችለውን እንድታየው ነው። አያቴ ጐኑን ይዘው ምክንያቱን ረሱት ብዬ እንዳልፈርድባቸው፥ እኔም በዚያ ቅዳሜ ያደረግሁት ያንኑ ነው። ግራዬን ያዝሁ፤ ዓይኔን ግን ለራሴ ብቻ አደረግሁት።

ይህ ነገር በትምህርት ቤታችንም አጋጥሞናል። ሁላችሁ እንደምታውቁት ደወል ሲደወል በፎቁ ደረጃ ላይ የሚወጣውና የሚወርደው ይጋጫል። ባለፈው ዓመት ክበባችን መክሮ «ወጪም ወራጅም ቀኙን ይያዝ» የሚል ደንብ አወጣ። ከአስፋልቱ ሕግ ጋር ይቃረናል ብለው የጠየቁን ነበሩ። ነገር ግን በደረጃው ላይ ከኋላ በፍጥነት የሚመጣ መኪና የለም፤ ሁሉም ሰው በእግሩ ስለ ሆነ የሚበቃው ሁለቱ ጉዞዎች እንዳይገናኙ መለየት ነው። ምክንያቱ ሲለይ ጐኑም ይለያል። ደንቡም ደኅና ሠራ።

አንድ ቀን ግን በምርኩዝ የሚሄድ አንድ ተማሪ የደረጃውን ግራ ይዞ ሲወርድ አገኘነው። ከእኛ አንዱ «ቀኝህን ያዝ!» ብሎ ጮኸበት። ልጁም መለሰና «የሚደገፉበት ብረት ያለው በዚህ በኩል ብቻ ነው» አለ። ሁላችንም ዝም አልን። በዚያን ጊዜ አያቴ በጀሶው ሳሉ ያጫወቱኝ ነገር ትዝ አለኝ። በልጅነታቸው አገር በጠባቧ የገደል መንገድ ላይ ቀኝም ግራም የለም። ባዶውን የሚሄድ ለተሸከመ ይለቅቃል፤ ያልተጫነ አህያ ለተጫነው ይቆማል፤ ታናሽ ለታላቅ ፈቀቅ ይላል። ይህን በነገርኋቸው ጊዜ ጓደኞቼ ደንቡን እንዲህ ሲሉ አሻሻሉት። «ሁሉም ቀኙን ይያዝ። ድጋፍ የሚያስፈልገው ግን የተመቸውን ይያዝ፤ ሌላው ቆሞ ይልቀቅለት።» ይህች የመጨረሻዋ መሥመር ከክበባችን ሥራ ሁሉ የምኰራባት ናት፤ ባለቤቶቿ ግን እኛ አይደለንም።

እንግዲህ ወንድሞቼና እህቶቼ፥ ወላጆችም፥ ከልምዴ የተነሣ ሁለት ነገር ላሳስብ። የመጀመሪያው፥ የእግረኛ መንገድ ከሌለበት በአስፋልቱ ግራ ጠርዝ እንሂድ፤ በዛሬው የአገራችን ሕግ የመኪናው ፊት የሚታየው ከዚያ ነውና። ሁለተኛው፥ ይህን ለታናናሾቻችንም ለአረጋውያኖቻችንም ስንነግር «ሕጉ ነው» ብለን አንዝለል፤ ምክንያቱን አብረን እንስጥ። አረጋውያኑንም አስቀድመን እንጠይቃቸው። እኛ ድንቁርና ነው የምንለው ነገር የትናንትናው ዘመን ጥበብ ሊሆን ይችላል፤ ዘመኑ ጐን ለውጦበት የቀረ ብቻ ሊሆን ይችላልና።

የአያቴ ክንድ ድኗል፤ በብርድ ጊዜ ግን ይጠዘጥዛቸዋል። አባታቸው የነገሯቸውንና በ1956 ዓ. ም. የሆነውን ባስረዳኋቸው ጊዜ ረጅም ሰዓት ዝም አሉ። ከዚያም «አባቴማ አልዋሸኝም» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከእኔ ጋር ሲሄዱ የመንገዱን ግራ ይይዛሉ። እኔ ደግሞ በእርሳቸውና በመኪናው መካከል ሆኜ ክንዳቸውን እይዛለሁ። በግራ ጠርዝ ሲሄዱ አስፋልቱ በስተ ቀኝ ስለሚሆን፥ የእኔ ስፍራ ከአያቴ በስተ ቀኝ ነው። መጀመሪያ እንደዚህ በሄድን ቀን ይህን አስተውለው «እሰይ፥ ቀኜን አገኘሁት» አሉ።

ጠዋት ጠዋት አሁንም ከደጃፉ ቆመው ይመርቁኛል። ምርቃታቸው ግን ጥቂት ረዝሟል። «ቀኝ ያውልህ፥ ልጄ፤ ግራህን ያዝ» ይሉኛል። እኔም ልቤ እየሰማ «አሜን» እላለሁ።